ፀሐይ ተመልሳለች፤ ልኳስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ።

አዲስ አበባ ላይ የተሠራችውን «ፀሐይ» የተባለች ጥንታዊ አውሮፕላን ጣሊያን ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ካስረከበች ወዲህ ስለ እሷ የተጻፈውን ሁሉ፣ የእናንተንም ጭምር፣ እየሰበሰብኩ በአንድ ክላሰር አስቀምጫለሁ። ክላሰሩ ወፍራም ነው። ማን እንዳስረከበ፣ ማን እንደተረከበ፣ በርክክቡ ላይ ማን ምን እንደተናገረ በሚገባ ተጽፏል። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ሜትር እንደሆነ ግን ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። የደብዳቤዬ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሥራ የሚበዛበት አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቆም ይችላል። ነገሩ ለምን እንቅልፍ እንደሚነሳኝ ማወቅ የፈለገ ግን ትንሽ ይታገሰኝ።

እኔ የደብረ ዘይት ልጅ ነኝ፤ ዛሬ ቢሾፍቱ የምትባለዋ። አባቴ አየር ኃይል ግቢ ውስጥ የአውሮፕላን ላሜራ ሠራተኛ ነበር። አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በሥራ ቀን የሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ፤ ከለቅሶ፣ ከሠርግና ከክርስትና በተረፈችኝ ጊዜ ደግሞ በሪሞት የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች እሠራለሁ፣ ያውም ባለ ድርብ ክንፍ ብቻ። ባለቤቴ ጋራዡን «ቦሌ» ትለዋለች። የእሷ መኪና ክረምቱን ውጭ በረዶ ላይ ስለሚያድር የፈለገችውን ስም ብታወጣለት አልከራከርም።

ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው። ለልጁ ነው ወይ? ስንት ያወጣል? ካሜራ አለው? ልጄ አድጎ ከቤት ወጥቷል። ዋጋውን ባለቤቴ ባለችበት አልናገርም። ካሜራ የለውም፤ ድሮን አይደለምና። ድሮንን ውስጡ ያለው ኮምፒዩተር ሚዛኑን ይጠብቅለታል፤ ጣትህን ከማንሻው ላይ ብታነሳ አየር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። የእኔ አውሮፕላን የሚቆመው መሬት ላይ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ክንፉ አየር እንዲያገኝ ወደ ፊት መሄድ አለበት፤ ነፋስ ሲገፋው መልሰህ የምታቀናውም አንተው ነህ።

ድርብ ክንፍ ሲያዩት ጌጥ ይመስላል። የጥንቶቹ ሠሪዎች ግን ሁለት ክንፍ የደረቡት ቸግሯቸው ነው። የነበራቸው ሞተር ደካማ፣ የነበራቸው ዕቃ እንጨት፣ ሽቦና ሸራ ነው። አንድ ረጅም ክንፍ በእንጨት ልሥራ ቢሉ ወይ ይከብዳል ወይ ይታጠፋል። ሁለት አጫጭር ክንፎች አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው በምሰሶና በተወጠረ ሽቦ ሲታሰሩ ግን ቀላልና የማይጠማዘዝ ሳጥን ይሆናሉ። የራይት ወንድማማቾች በ1896 ዓ.ም. ያበረሯት የመጀመሪያዋ ሞተር ያላት አውሮፕላን የተሠራችው በዚሁ ዘዴ ነው። ጉዳቱ፣ ያ ሁሉ ምሰሶና ሽቦ አየሩን እየያዘ ወደ ኋላ ይጎትታል። ሞተር ሲጎለብትና ብረት ሲለመድ ድርብ ክንፍ ከሰማይ የጠፋው በዚህ የተነሳ ነው፤ እኔን የያዘኝ ደግሞ ይኸው ጉተታው ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ከዓይን ሳይርቅ ይበራል።

አሁን የማበረው ታይገር ሞዝ የተባለውን የጥንት የእንግሊዝ ማሠልጠኛ አውሮፕላን አሳንሼ የሠራሁትን ነው። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.94 ሜትር ነው፤ የእኔው የዚያ አንድ ስድስተኛ ስለሆነ 1.49 ሜትር ይመጣል። ክብደቱ ከነባትሪው ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። አጥንቱ ባልሳ ነው፤ በጥፍር ሊጫር የሚችል፣ እጅ ላይ ያለ የማይመስል እንጨት። ሸክም የሚበዛበት ቦታ ላይ ብቻ ስስ ፕላይውድ ይገባል። የክንፉን የጎድን አጥንቶች አንድ በአንድ ከቆረጥኩ በኋላ ደርድሬ በሁለት ቡሎን አስራቸውና ሁሉንም በአንድ ላይ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላለሁ። አንዱ በግማሽ ሚሊሜትር ቢበልጥ በኋላ ጨርቁ ያሳብቅበታል። ጨርቁ ጀርባው ሙጫ የተቀባ ስስ ፖሊስተር ነው፤ ትንሽ ካውያ ሲነካው ይጣበቃል፣ ሙቀቱ ሲጨመርበት ይኮማተርና እንደ ከበሮ ይወጠራል። በጣት መታ አድርጌ ድምፁን ሳልሰማ ወደሚቀጥለው አልሄድም።

ጣጣው የሚጀምረው ሁለቱን ክንፎች ሲያገናኙ ነው። ባለ አንድ ክንፍ ላይ የምትለካው ማዕዘን አንድ ነው። እዚህ ግን ላይኛው ከታችኛው፣ ግራው ከቀኙ፣ ሁሉም ደግሞ ከጭራው ጋር መስማማት አለባቸው። በዲጂታል ውሃ ልክ እለካዋለሁ። የአንድ ዲግሪ ልዩነት በዓይን አይታይም፤ አየር ላይ ግን ሞተር በጨመርክ ቁጥር አፍንጫው ሽቅብ ይላል፣ ወይም ፍጥነቱ ሲቀንስ አንዱ ክንፍ ቀድሞ ይወድቃል። ሽቦዎቹን ስትወጥር ደግሞ የለካኸው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። አንዱን ታጠብቃለህ፣ ማዶ ያለው ይላላል፤ እንደገና ውሃ ልኩን ታነሳለህ። ቅዳሜ በዚህ ያልቃል። ባለቤቴ ሻይ ይዛልኝ ትገባና «ዛሬም እዚያው ሽቦ ላይ ነህ?» ብላኝ ትወጣለች።

የክብደቱ ማዕከልም የራሱ ሂሳብ አለው። ላይኛው ክንፍ ከታችኛው ትንሽ ቀደም ብሎ ስለሚቀመጥ የሚዛኑ ቦታ ከሁለቱም አማካይ ይሰላል። እነዚህ አውሮፕላኖች አፍንጫቸው አጭር ስለሆነ ጭራው ሁልጊዜ ይከብዳል። ባትሪውን እስከ ሞተሩ ድረስ እገፋዋለሁ፤ አልበቃ ሲል እርሳስ አስራለሁ። ክብደት ለመቀነስ ስንት ሌሊት ባልሳ ሲሸራርፍ የከረመ ሰው በመጨረሻ እርሳስ ሲጭንበት ማየት ያናድዳል፤ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ሲነሳ ወደ ግራ መሳቡ አይቀርም፤ ፕሮፔለሩ የሚያመጣው ነው። ስለዚህ ገና ከመንደርደሩ በቀኝ በኩል የጭራ መሪውን ትይዝለታለህ። ሣሩ ረጅም ከሆነ የፊት ጎማዎቹ ይያዙና በአፍንጫው ይተከላል፤ ፕሮፔለር የሚሸጡ ሰዎች እንጀራቸው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። አየር ላይ ሲታጠፍ ደግሞ ክንፉን ብቻ ብታዘነብለው አፍንጫው መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል፤ ጭራና ክንፍ አብረው መታዘዝ አለባቸው። ባለ አንድ ክንፍ የለመደ ሰው የሚደነግጠው ሲያሳርፍ ነው። ሞተሩን ዘግተህ ተንሳፎ ይመጣል ብለህ ብትጠብቅ አይመጣም፤ ሽቦውና ምሰሶው ይይዙትና ቁልቁል ይወርዳል። ጎማው ሣሩን እስኪነካ ድረስ ትንሽ ሞተር ይዘህ ነው የምታመጣው።

ቦታ ማግኘቱ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው፤ ባጭሩ ላሳልፈው። አሜሪካ ውስጥ ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሁሉ ይመዘገባል፤ ክፍያው 5 ዶላር ሆኖ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ከ400 ጫማ በላይ አይወጣም፣ ከዓይን አይርቅም፣ አብራሪው ነፃ የሆነች አጭር ፈተና ይወስዳል። ዋሽንግተን ዙሪያ ግን ይህም አይበቃም፤ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በ15 የባሕር ማይል ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። ሐበሻ የሚበዛባቸው ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም በዚያ ክበብ ውስጥ ስለሆኑ አውሮፕላኔን ጭኜ ራቅ ወዳለ እርሻ እሄዳለሁ። ክበቡ ውስጥ እያሉ ስጦታ የተሰጣቸውን ነገር ጓሯቸው ላይ የሚያስነሱ ወገኖቼ ቢጠነቀቁ ጥሩ ነው፤ ቅጣቱ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ወደ ፀሐይ ልመለስ።

ኢትዮጵያ ያየቻቸው የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች በአብዛኛው የእኔ ዓይነቶቹ ናቸው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ያረፈው ፖቴዝ 25 ባለ ድርብ ክንፍ ነው። በ1923 ዓ.ም. ከዘውድ በዓሉ ቀደም ብሎ ሂዩበርት ጁሊያን የሚባለው ጥቁር አብራሪ የከሰከሰው የንጉሠ ነገሥቱ ጂፕሲ ሞዝም ባለ ድርብ ክንፍ ነው፤ የእኔው ታይገር ሞዝ የዚያው ቤተሰብ ታናሽ ነው። ዛሬ ማታ ፖቴዝ ልሥራ ብል የላይኛው ክንፉ 14.14 ሜትር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሞዝን ልሥራ ብል 9.14 ሜትር ነው። የጎን፣ የላይና የፊት ሥዕላቸው ታትሟል፣ ከየትም አገር አዝዞ ማምጣት ይቻላል።

ፀሐይ ግን ከውጭ ተገዝታ የመጣች አይደለችም። ሉድቪግ ዌበር የተባለው ጀርመናዊ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪና መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ የሠራት ናት። ሁለት ሰው ትይዛለች። ሞተሯ ባለ ሰባት ሲሊንደር፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ዋልተር ቬነስ ነው፤ ስሟም የልዕልት ፀሐይ ነው። ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ወሰዳት፣ ለብዙ ዘመንም ከሮም ወጣ ብሎ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ቆየች። ነገሩ የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳይ ሠርታ የሸጠችልንን እስከ ሴንቲሜትሩ ድረስ እናውቃለን፤ እኛ ቤት የተሠራችውን ለመሥራት ግን ፎቶ ላይ ማስመሪያ አስቀምጬ እገምታለሁ።

መገመቱን ሞክሬዋለሁ። የሞተሩን ስፋት መነሻ አድርጌ በፎቶው ላይ ቀሪውን ማባዛት ነው ሥራው። ከጎን የተነሳ ፎቶ ሲሆን ርዝመቷ ይወጣል። ወደ ክንፉ ስትመጣ ግን እያንዳንዱ ፎቶ የራሱን ልክ ይሰጥሃል፤ ካሜራው ትንሽ ወደ ጎን ሲል ቅርቡ ክንፍ ይረዝማል፣ ማዶው ያጥራል። ላይኛው ክንፍ ከታችኛው ምን ያህል እንደሚቀድምም ፎቶ አንሺው እንደቆመበት ይለያያል። የክንፉ የጎን ቅርጽ ደግሞ፣ ማለትም አውሮፕላኗን ያነሳት ያ ጉብታ፣ ጨርቅ ለብሶ ተሸፍኗል፤ ከፎቶ የሚወጣ ነገር አይደለም። ሰባቱን ሲሊንደሮች ብቻ ከወረቀት ጥቅልል ሠርቼ፣ የማቀዝቀዣ ክንፎቻቸውን በስፌት ክር ጠምጥሜ ጨርሻለሁ። መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው አካላቸውን እየጠበቁ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ፀሐይ አሁን በእጃችን ናት። ሜትር፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክና ወረቀት የያዙ ጥቂት ሰዎች ይለኳት። ከጎን፣ ከላይና ከፊት ይሳሏት፤ በሁለቱ ክንፎች መካከል ያለውን ርቀት፣ የተቀመጡበትን ማዕዘን፣ የክንፉን ጉብታ፣ የጭራውን ስፋትና የጎማውን ቦታ ይጻፉ። ይህን ለማድረግ አውሮፕላኗን መፍታት አያስፈልግም፣ አንድ ቡሎን እንኳ አይላላም። የአውሮፕላን ጥገና የሚማሩ ልጆች አስተማሪያቸው ካለ የሚጠቅማቸው ትምህርት ነው። በሙዚየም ስትጠበቅ የቆየች ስለሆነች ጣሊያኖቹ ዘንድም ሰነድ መኖሩ አይቀርም፤ አውሮፕላኗን የመለሰ ሰው ወረቀቷን ይከለክላል ብዬ አላስብም። ከዚያ ሥዕሉ ይታተም፣ ማንም በነፃ ያግኘው።

«ለጥቂት ጡረተኛ መጫወቻ ይህ ሁሉ?» የሚል ይኖራል። የእህቴ ልጅ ቢሾፍቱ 10ኛ ክፍል ነው። የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም እየሰበሰበ አውሮፕላን ይቆርጣል፣ ከኮረብታ ላይ ሆኖ በእጁ ይወረውራል። በቴሌግራም «ጋሼ፣ የፀሐይን ፕላን ላክልኝ» አለኝ። የለኝም ብዬው እንዳይከፋው የፖቴዙን ላክሁለት። መልሱ አጭር ነበር፤ «ጋሼ፣ ይሄኮ የፈረንሳይ ነው።»

እኛ በልጅነታችን ሽቦ አጣጥፈን፣ ቆርኪ ጎማ አድርገን መኪና ስንሠራ ማንም ፕላን አልሰጠንም፤ ግን አውቶቡሱ በደጃችን ያልፍ ስለነበር አይተን እንሠራለን። ፀሐይ በማንም ደጅ አታልፍም። አገር ቤት በሬዲዮ የሚታዘዝ በራሪ ነገር ለማስገባትና ለማብረር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ የጸጥታ ጉዳይ ነውና አልሟገትበትም። ግን ሬዲዮውን ተዉት። የቀርከሃ ስንጣሪ፣ ስስ ወረቀት፣ ኮላና ከብስክሌት ካለመዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ያለው ልጅ ላስቲኩን ጠምዝዞ የሚለቃት ትንሽ ፀሐይ መሥራት ይችላል። ለዚያች ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ሥዕል ነው።

ደግሞም ከልኳ የምንማረው ነገር አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለማንሳት 12 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት፤ ሞተሩ ደግሞ የሚተነፍሰው አየር ስለሚጎድለው ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። በወረቀት 115 የተባለው የፀሐይ ሞተር ጃንሜዳ አካባቢ ሲነሳ 90 የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም ማለት ነው። የሜሪላንድ እርሻ ላይ በግማሽ ሞተር የሚነሳው የእኔ ታይገር ሞዝ ቢሾፍቱ ቢሄድ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ፕሮፔለሩንም መቀየር ሊኖርብኝ ነው። ዌበርና አብረውት የሠሩት ሰዎች ይህን ችግር ምን ያህል ክንፍ ሰጥተው እንደተወጡት፣ የክንፏ ስፋት ለክብደቷ ሲካፈል ስንት እንደሚመጣ፣ በዚያች አንድ ገጽ ሥዕል ላይ ይነበባል። የእህቴ ልጅ ያካፍለዋል፤ ሂሳብ አይፈራም።

አብረውት የሠሩት ሰዎች ስል፣ ስማቸውን የሚያውቅ ቤተሰብ ካለ እሱም ቢጻፍ እወዳለሁ። አናጺው፣ ሸራውን የሰፋው፣ ሽቦውን የወጠረው ማን ነው? ያንን ሽቦ የወጠረው ሰው ምን ያህል ቅዳሜ እንደፈጀበት እኔ እገምታለሁ፤ እሱ ዲጂታል ውሃ ልክ አልነበረውም።

እስከዚያው ድረስ ለአንባቢዎቻችሁ አንድ ልመና አለኝ። ፀሐይን ቪኛ ዲ ቫሌ ሄዳችሁ ወይም ከተመለሰች በኋላ አይታችሁ ያነሳችሁት ፎቶ ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ላኩልኝ፤ አድራሻዬን እዚያ ትቻለሁ። ራሳችሁ ከፊት የቆማችሁበትም ቢሆን ግድ የለም፣ እንዲያውም ቁመታችሁን ጻፉልኝና መለኪያ አደርጋችኋለሁ። በጣም የምፈልገው ከታችኛው ክንፍ ሥር ጎንበስ ብሎ የተነሳ፣ ሌላው ከጭራዋ በስተኋላ በቀጥታ የተነሳ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የደብረ ዘይቱ ልጅ፣ ከሜሪላንድ